የኤዶ ሞተር ከስልሳ አላልፍ ያለበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ኤዶ ዛሬም ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በትልቁ አስፋልት ሄደ። ወደ ሎሜ ወደብ ከሚወርዱት ከባድ መኪናዎች ጋር እየተጋፋ፣ በዚያች መቶ ሲሲ ሞተር። ሲመለስ የሸሚዙ እጅጌ ተቀዷል።

“ምን ነካህ?”

“ቁጥቋጦ ያዘኝ።”

አስፋልት መሀል ምን ቁጥቋጦ አለ? የመኪና የጎን መስታወት ነው… ባሌን አላውቀውም?

“በቲክ ዛፎቹ ደን ውስጥ ባለው መንገድ ብትሄድስ?”

“የፍየል መንገድ ነው። አሥር ደቂቃ ያስረፍደኛል።”

ሐሙስ፣ 6

ምሳውን በልቶ ተኛ። ሞተሯን እየገፋሁ ወደ ወንድሜ ወደ ሴናም ጋራዥ ወሰድኳት።

“ካቴናውን የሚስበውን የፊቱን ባለ ጥርስ ብረት ጥርሱ ባነሰ ቀይርልኝ።”

“እህቴ፣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሮጥም እኮ።”

“እሱን ነው የምፈልገው።”

“ባልሽ ቢጠይቀኝስ?”

“አርጅታለች በለው።”

ሳይነቃ መለስኳት። ልብስ ሳጥብ የዋልኩ መሰልኩ።

ዓርብ፣ 7

“ከስልሳ አላልፍ አለችኝ” አለ፣ ራሱን እያከከ። ገንፎውን እያማሰልኩ ፊቴን ድስቱ ውስጥ ቀበርኩ። እንፋሎቱ ባያቃጥለኝ ኖሮ ስቄ ራሴን ባጋለጥኩ ነበር።

ሰኞ፣ 10

መንገድ ይቀይራል ብዬ ነበር። አልቀየረም።

ዛሬ አስፋልቱ ላይ ከኋላው ከባድ መኪና መጣበት። ጥሩንባውን እየነፋ ተጠጋው። ፍጥነት ልጨምር ቢል… የለም። ቦይ ውስጥ ገባ። ጉልበቱ ተልጦ ቤት ገባ።

“ድሮ ቢሆን አመልጠው ነበር” አለ።

ድሮ ማለት ባለፈው ረቡዕ ነው። ቀርፋፋ ሞተር አስፋልት ላይ ምን እንደሚሆን እንዴት አላሰብኩም? የሞተር ጠጋኝ ልጅ ሆኜ! ላድነው ብዬ ልገድለው?

ማክሰኞ፣ 11

ነገርኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ።

“በስንት ጥርስ ያነሰ ነው?”

“በሁለት።”

ወደ ትምህርት ቤቱ በእግሩ ሄደ።

ቅዳሜ፣ 15

ዝምታው አምስተኛ ቀኑ። ጠዋት ሞተሯን ይዞ ሴናም ጋ ሄደ። የድሮውን ሊያስመልስ ነው አልኩ… ደግ አደረገ።

ከሰዓት ሴናም ጋ ሮጥኩ።

“አስመለሰ?”

“የለም። ‘ይህቺ ትንሿ ጥርስ ዳገት ላይ እንዴት ናት?’ ብሎ ጠየቀኝ። ፍየል ናት አልኩት። ፍሬኑን አሰርቶ፣ የጎማውን ንፋስ አስለክቶ ሄደ።”

ሐሙስ፣ 20

“ገበያ የምትሄጂ ከሆነ ከኋላዬ ውጪ” አለኝ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የመጀመሪያ ንግግሩ። ለእኔም የሞተር ቆብ ይዟል።

በቲኩ ደን ገባን። ኩርባው ላይ ጥሩንባ ነፋ፤ አሸዋው ላይ ነዳጅ መስጫውን ለቀቅ አድርጎ ቀስ አለ። አጥብቄ ያዝኩት፣ ምንም የሚያስፈራ ነገር ሳይኖር።

አንድ ሽማግሌ በቢስክሌት አልፈውን ሄዱ።

ኤዶ ሊቀድማቸው ሳይሞክር አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላቸው። ያገባሁት ሰው እሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ጀርባውን ደግሜ አየሁት።