ካያኳና የአባቴ በሬ

ጥር 13፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

የምሳፈርባት ላስቲክ ዛሬም ተነፈሰች። ግድቡ መሀል ነኝ፣ መረብ እያነሳሁ ነው፣ ከበስተግራዬ ፊሽሽ አለች። እየዋኘሁም እየተንፈራገጥኩም ወጣሁ። መረቡን ግን አልለቀቅኩም፤ እሱስ ደግ። የያዘው ዓሣ ጥቂት ቀረሶና አንድ አምባዛ ነው።

ደብተሬ፣ ልጆች ያሉት ሰው የመኪና ጎማ ላስቲክ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ሲያሰግር አይተህ ታውቃለህ? እኔን እይ። ባለቤቴ ትጓደድ እርጥብ ልብሴን ተቀብላ ገመድ ላይ አሰጣች። እያሰጣች ተናገረች፦ ሁዳዴ ሳይገባ ጀልባ ካልተገዛ መጥበሻዋን ትሰቅላለች። መናኸሪያው በር ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጠው እሷ ናት፤ ገበያዋ ደግሞ ጾም ነው። የነፍስ አባታችን በሁዳዴ ዓሣ መበላቱን አይወዱትም። ከደንበኞቿ ግማሹ የእሳቸው የንስሐ ልጆች ናቸው። እዚህ ውስጥ እኔ የለሁበትም።

ጥር 16፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ቡሬ ደርሼ መጣሁ። አንድ በያጅ ከሰማያዊ በርሜል ጀልባ ይሠራል ብለውኝ። እውነትም ሠርቷል። በርሜሎቹን ሰንጥቆ በብረት አያይዟቸዋል። ግቢው ውስጥ ሲታይ ያምራል። ግቢው ውስጥ ደግሞ ውሃ የለም። ውሃ ላይ ተሞክሯል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ የመጀመሪያው ሞካሪ አንተ ትሆናለህ ብሎ አበረታታኝ! አንዱን ጫፍ ብቻ ላነሳ ሞከርኩ፤ ወገቤ አልፈቀደም። አመስግኜ ወጣሁ።

የደንገል ታንኳም አስቤ ነበር። ርካሽ ናት። ግን ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ በየቀኑ አውጥቶ ማድረቅ ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ጥቂት ወር ቆይታ ትበሰብሳለች። ደንገሉ ራሱ ከጣና ካልመጣ እኛ ጋ የለም። ቀረ።

በቴሌግራም ካያክ የሚሉት ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ አዲሱ ይሸጣል። መደገፊያ ያለው ወንበር፣ የመንጠቆ ዘንግ ማቆሚያ፣ የሻይ ኩባያ ማስቀመጫ ሳይቀር። ዋጋውን አይቼ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

አባቴ ከቋሪት ደወሉ። ትጓደድ ሁሉንም ነግራቸዋለች። ቦራን ሸጬ ልስጥህና ጀልባህን ግዛ አሉኝ፤ እንዲህ ቀላል አድርገው። ያሏቸው በሬዎች ሁለት ናቸው፣ ቦራና ዳልቻ። ቦራን ከጥጃነቱ ነው ያሳደጉት። ቀንበር ሁለት አንገት ይፈልጋል፤ አንዱ ከሄደ መሬታቸውን ለሌላ አራሽ ሰጥተው የምርቱን እኩሌታ መጠበቅ ነው። በገዛ መሬታቸው!

አይሆንም አልኩ። ከእንግዲህ ስንት ዓመት ላርስ ብለህ ነው አሉ። አይሆንም አልኩ ደግሜ። ጅጋ ገበያ አወርደዋለሁ ብለው ዘጉት።

ከፋኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከአባቴ በረት በሬ ማስወጣት። እራት አልበላሁም።

ጥር 24፣ እሑድ፣ ከቤ/ክ መልስ

አንድ ደላላ ከባ/ዳር ደወለ። የተዘጋ ሎጅ ካያኮቹን እየሸጠ ነው። ባለ አንድ ሰዎቹ አልቀዋል፤ የቀረችው ባለ ሁለት ወንበር ናት። ፎቶ ላከ። ቢጫ ነበረች፣ ፀሐይ አንጥቷታል። ፕላስቲኩ ግን ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ረጅም ናት፣ ባጃጅ ላይ አትጫንም፣ ፈላጊ የላትም። ስለዚህ ካየሁት ሁሉ ረከሰች። ሁለተኛውን ወንበር ምን ላደርገው? ቢሆንም ደስ አለኝ።

ቁጠባችን ግማሿን ይገዛል። ግማሿን ብቻ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ደላላው ዋጋ ጨመረ። ሌላ ሰው መጥቶባታል ይላል፤ ዕቁብ የደረሰው፣ የቸኮለ ሰው። እሑድ ፈላጊ ያልነበራት ዛሬ ተሻሚ በዛባት።

አባቴም ደወሉ። ሐሙስ ቦራን ይዤ ጅጋ ነኝ አሉ። ደብተሬ፣ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ እሺ ማለት መሆኑን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ጥር 27፣ ረቡዕ፣ ከሰ/በኋላ

ነገር ተገለበጠ!

ከግድቡ ማዶ የሚያሰግሩ አያ ሙላት የሚባሉ ሰው አሉ። ዓምና መረባችን ተጠላልፎ ከተኳረፍን ወዲህ ሰላም አንባባልም። ዛሬ ዳሩ ላይ ቆመው በስልክ ይጮኻሉ፦ “ማነው እሱ ጨመረ የምትለኝ? ስሙን ንገረኝ!” ቢጫ ሲሉ ሰማሁ። ሁለት ወንበር ሲሉ ሰማሁ። ደላላው የእኔው ደላላ ነው። ዕቁብ የደረሰው የቸኮለ ሰው ማለት እሳቸው ኖረዋል። ለእሳቸው ደግሞ የቸኮልኩት እኔ ነኝ።

ዞሬ ሄድኩና ፎቶውን አሳየኋቸው። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ስልኩን። ከዚያ ሳቅ ነው። ኩርፊያው በየት በኩል እንደሄደ አላውቅም።

ተቀመጥን። እሳቸውም ዕቁቡ ተጨምሮ ያላቸው ግማሽ ነው። የቦራን ነገር ነገርኳቸው። ተቆጡ፤ እርሻ ሊጀመር የአባትህን በሬ ታሸጣለህ ወይ፣ እሳቸውስ ከማን ጋር ሊቀናጁ ነው አሉኝ። የአባቴ ጎረቤቶች ሁሉ ጥንድ በሬ እንዳላቸው፣ ተቀናጅ እንደማይገኝ ነገርኳቸው። ግድቡን በእጃቸው አሳዩና “ታዲያ እኛ ብንቀናጅስ?” አሉ። “አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች ጠምደው ተራ በተራ ያርሱ የለም ወይ፤ ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። ጀልባ ቢቀናጁበት ምን ነውር አለው? ወንበሩም ሁለት ነው።”

እጄን ዘረጋሁላቸው። ይህን ሁሉ ቀን ስለዚያ ትርፍ ወንበር ስጨነቅ ነበር።

ደላላውን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን አንድ ላይ ደወልንለት። ሁለታችንም ሰላም አልነው። መንተባተቡን ብትሰማ! በመጀመሪያው ዋጋ ተስማማ።

የአባቴ ስልክ ግን ዝግ ነው። ሦስቴ ሞከርኩ። ነገ በማለዳ ጅጋ።

ጥር 28፣ ሐሙስ፣ ምሽት

ሚኒባሱ ከፍ/ሰላም እስኪሞላ ፀሐይ ወጣች። ጅጋ ከብት ተራ ስገባ ገበያው ደርቷል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት በሬ ሁሉ ቦራ መሰለኝ። አንዱን ሰውዬ ገመድ ሲረከብ አየሁና ሮጥኩ፤ በሬው ሌላ ነው።

አባቴ ጥግ ላይ፣ ዛፍ ሥር ቆመዋል። ገመዱን ክንዳቸው ላይ ጠምጥመውታል። ቦራ ያመሰኳል። አልተሸጠም!

አጠገባቸው ያለ የከብት ደላላ ይስቃል። እኒህ አባት ከጠዋት ጀምሮ የሚጠሩት ዋጋ የአንድ በሬ አይደለም፣ የጥንድ ነው አለኝ። ገዢ በመጣ ቁጥር ይጨምራሉ እንጂ አይቀንሱም። አባቴ ያልሰማ መስለው ወዲያ ያያሉ።

ነገርኳቸው። ካያክ ተገኘች፣ ከአያ ሙላት ጋር ተቀናጅተናል፣ ገንዘቡ ሞልቷል። ገመዱን ፈቱ፣ መልሰው ጠመጠሙ። “ገዢም የለ ዘንድሮ፤ ሰዉ በሬ ማየት አያውቅም” አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እኔም አለቀስኩ፣ በገበያ መሀል፣ ምን አገባኝ። በሬያቸውን ይዘው የቋሪትን መንገድ ሲጀምሩ እርምጃቸው የጎረምሳ ነበር።

እፎይ፣ ደብተሬ። እፎይ።

የካቲት 7፣ ቅዳሜ

ካያኳ ትናንት በአይሱዙ ጭነት ላይ ታስራ ደረሰች። ከፎቶው ትረዝማለች። ዛሬ ሞከርናት፦ እኔ ከፊት፣ አያ ሙላት ከኋላ። እሳቸው በቀኝ ሲቀዝፉ እኔም በቀኝ፤ አንድ ቦታ ላይ ዞርን። ትጓደድ ዳር ቆማ ስቃ ልትሞት። ኋላ ተግባባን። መረቡን ስናነሳ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ሚዛን ይጠብቃል። ልብሴ ደረቅ ነው! ለሁዳዴ ገበያ ደርሰናል፤ አንድ ቀን በእሳቸው ዳር፣ አንድ ቀን በእኔ።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። ቦራ ደህና ነው አሉ፣ እኔን ደህና ነህ ወይ ከማለታቸው በፊት።

ስንት ዓመት ላርስ ያሉትን ግን አልረሳሁትም። ስለዚህ ወስኛለሁ። ክረምት ገብቶ ግድቡ ሲደፈርስ ካያኳን ለአያ ሙላት ትቼ ቋሪት እወጣለሁ። ቦራንና ዳልቻን ጠምጄ የማርሰው እኔ ነኝ። አባቴ ዳር ተቀምጠው ትልምህ ጠመመ እያሉ ይቆጡኝ።