«ጓድ የልጆቼ አያት» ስለ መባሉ

ለተከበሩ ጓድ ወልደሩፋኤል
የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ሰብሳቢ
ነቀምቴ

ባለፈው ሐሙስ የኅብረት ሱቃችን መዛኝ ጓድ ቀለሟ ከሥራዋ ታግዳለች።

ጤንነትዎ እንደ ምን ሰንብቷል? በየእሑዱ ከረፋድ እስከ ቀትር የሚያገለግለን ጉሮሮዎ እንዳይደክምብን ነዋሪው ሁሉ ያስባል። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት፣ ነዋሪው ሐሳቡን በግልጽ ያቅርብ ማለትዎን አምኜ ነው።

፩. ስላስተማሩን አዳዲስ ቃላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ፍሬ አላፈሩም የሚል ካለ ገበያ ይውረድ። ቅቤ ሻጯን «ጓድ ሀርሜ፣ ትንሽ ቀንሺልኝ» የማይላት ገዢ የለም፤ እናቴም ጓዴም ብሎ በአንድ ትንፋሽ መጥራት ለምላሳችን አልከበደውም። ዱቤ የሚባለው ባለሱቅ ዋጋ የሚከራከረውን ሁሉ «መጀመሪያ ግለሂስ አድርግ» ይለዋል። ጎረቤቴ በቀለች በቆሎዋን የበላባትን በሬ «አንተ አድኃሪ!» እያለች ስታባርር በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ወተቷ ሲበላሽም አሻጥር ተሠርቶባት ነው።

፪. ጓድ ቀለሟም ያደረገችው ከዚህ የተለየ አይደለም። በሱቃችን ደንብ መዛኟ ተራ የደረሰውን ሰው «ጓድ» ብላ በስሙ ትጠራለች። ረቡዕ ዕለት ለጨው የተሰለፉት ኦቦ ዋቅወያ ግን የባሏ አባት ናቸው። በአገራችን ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ይህንም ለጉ እንለዋለን። ስለዚህ ሁለቱንም አክብራ «ጓድ የልጆቼ አያት!» ስትል ተጣራች። ሽማግሌው «አቤት ልጄ» ብለው ጨዋቸውን ተቀበሉ። ከእርስዎ በቀር የተደናገረ አልነበረም።

፫. ክበቡ ድርጊቱን «የፊውዳል ርዝራዥ» ብሎ ስለሰየመልን እናመሰግናለን፤ ለጉን ስንጠብቅ ኖረን ይህን ስሙን አናውቅም ነበር። ሆኖም ቀለሟ ዋቃ የሚለውን የፈጣሪ ስም እንኳ ከአማቷ ስም ስለሚገጥምባት በጸሎት ቤት አታነሣውም። የፈጣሪን ስም ከአፏ ያጠፋ ባህል ክበቡን ምን ያህል እንደረዳው ቢያመዛዝኑልን።

፬. ባሏ ቀነዓ ርቆ በአንገር ጉቲን የመንግሥት እርሻ ላይ ስለሆነ ልጆቿ የሚበሉት ከዚህችው ሚዛን ነው። በምትኳ የተመደቡት ጓድ ስማችንን አንድም ሳይስቱ ይጠራሉ፤ ጨዉ ግን ቤት ስንደርስ ይቀንሳል።

ነገ እሑድ በስብሰባው ፊት ቆማ «ጓድ ዋቅወያ» ካላለች ቦታዋ ለሌላ እንደሚሰጥ ሰምተናል። ሽማግሌው በዚያ ሰዓት ወደ ጉቶ ጊዳ አገር ለቅሶ እንደሚሄዱ ነግረውናል፤ ማን እንደሞተ ገና አልወሰኑም።

ለእርስዎ ረጅም፣ ለስብሰባዎ ግን መጠነኛ ዕድሜ የምመኝ፣ ረቡዕ ዕለት ከኦቦ ዋቅወያ ኋላ ተሰልፌ የነበርሁ አክባሪዎ፣
ጃራ ባቻ

ማስታወሻ፦ ትናንት ዓርብ ባለቤትዎ ጓድ የሺአረግ ለስኳር መጥተው፣ በማን ስም እንደሚወስዱ ሲጠየቁ «በተካ አባት» አሉ። ተካ የበኩር ልጅዎ መሆኑን ወረፋው ሁሉ ስለሚያውቅ ስኳሩ ያለ ክርክር ተመዘነላቸው። ሁለቱ ጉዳዮች ነገ አብረው ይታዩ እንደሆነ፣ ወይስ የእርሳቸው ለብቻው ይቀጠር እንደሆነ፣ ውሳኔዎን እንጠብቃለን።