የካንዴላውን ኮፍያ የነቀልኩት እኔ ነኝ

ቦንጋ፣ ግንቦት 2004 ዓ.ም.

ውድ ሠናይት፣

እንዴት ከረምሽ? ይህ አራተኛው ወረቀት ነው፤ ሦስቱን ቀድጄ ጥያቸዋለሁ። ጋራዥ ውስጥ አፌ የማይዘጋውን ሰው ብዕር ይዤ ስርበተበት ብታዪኝ ትስቂብኝ ነበር።

ያለፈውን ነሐሴ መቼም አትረሺውም። የክትባት ፕሮጀክታችሁን ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ሳይክል ከቢታ ገነት በአይሱዙ አስጭነሽ አመጣሽልኝ። ከሺሺንዳ ጀምሮ ዝናብ ሲወርድብሽ ነው የመጣሽው። «ይቆራርጣል ገሠሠ፤ ዳገት ላይ እንደ ሽማግሌ ያስላል» አልሽኝ። አስነሳሁት። አንዱን የጭስ ቧንቧ ብነካው ያቃጥላል፣ ሌላውን ብነካው ቀዝቃዛ ነው። አንደኛው ሲሊንደር አይሠራም ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ሥራዬን አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን ጨለመብኝ። እኔ ያደግኩት ካርቡራተር ፈትቼ በቤንዚን እያጠብኩ ነው። ይሄ ካርቡራተር የለውም፤ ነዳጁን በኮምፒዩተር እየለካ የሚረጭ ኢንጀክሽን ነው። የማላላው፣ የማጠብቀው ብሎን ፈልጌ አጣሁ። አንቺም ፊቴን አየሽና «የማታውቀው ከሆነ ንገረኝ፣ ጅማ እልከዋለሁ። ክትባት ይጠብቀኛል» አልሽኝ። አላውቀውም ማለት ነበረብኝ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ እለው ነበር። ለአንቺ ግን «ይሄማ ሻይሽን ሳትጨርሺ ይነሳል» አልኩሽ።

መሪውን አስያዝኩሽና ነዳጅ ስጪው አልኩሽ፤ ሰጠሽው። እኔ ሞተሩ እየሠራ ወደ ካንዴላው እሳት የሚያደርሰውን ኮፍያ ነቀልኩና እሳቱ ሲዘል ላሳይሽ ብዬ አራቅ አደረግሁት። በካርቡራተሮቹ ዕድሜዬን ሙሉ የማደርገው ነገር ነው፤ ደግሞም እሳት ሲዘል ማየት ደስ ይላል፣ እንድትደነቂብኝ ፈልጌ ነበር። ሞተሩ ቀጥ አለ። የዳሽቦርዱም መብራት አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ብገፋው፣ ባትሪ ብቀይርለት፣ ብለምነው ወይ ፍንክች።

ያኔ ቀስ ብለሽ፣ «እኔ ነዳጅ አብዝቼበት ይሆን እንዴ?» አልሽኝ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩሽ።

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሳምንት ሳይሞላ መሥሪያ ቤትሽ ያስጠራው ከሚል የሚባል መካኒክ ከጅማ መጣ። የነዳጅ ታንኩን አወረደና ከሥሩ አንዲት ሶኬት ነቅሎ አሳየኝ፤ ውሃ ገብቶባታል። «በሽታው ይህቺ ብቻ ነበረች። ጠርገህ ብታደርቃት ይበቃ ነበር» አለኝ። «ኮምፒዩተሩን ግን ማነው ያቃጠለው? ሞተሩ እየሠራ ኮፍያ የነቀለ ሰው አለ? እሳቱ መሄጃ ሲያጣ ተመልሶ ኮምፒዩተሩን ነው የሚመታው።»

«እንጃ» አልኩት። አየኝ፣ አየኝና ዕቃውን ሰበሰበ።

አንቺ ደግሞ የዋህ፣ መሥሪያ ቤትሽ ሲጠይቅሽ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብለሽ ፈረምሽ። ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈብሽ ሰምቼ ዝም አልኩ። ይረሳል ብዬ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ጓደኛሽ ብርቄ ለገበያ መጥታ ነገረችኝ። ሌላ ሞተር ሲሰጡሽ እምቢ ብለሽ፣ የክትባቱን ሳጥን በትከሻሽ ተሸክመሽ ያንን ጭቃ በእግርሽ ትወጪዋለሽ አሉ። «እጄ የነካው ይበላሻል ትላለች» አለችኝ። መፍቻውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ሥራ አልሠራሁም።

በማግስቱ እዚህ ቦንጋ ወዳለው ዋናው ቢሯችሁ ሄጄ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ኃላፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «ፋይሉ ተዘግቷል። ሞተሩም ተወግዷል። እሷ ራሷ ያመነችውን አንተ ምን አገባህ?» አለኝ። ወጣሁ። ወደ አንቺ ልመጣም ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ፈሪ ነኝ። እወድሻለሁም፤ እንዲህ ባለ ደብዳቤ ውስጥ መጻፌ ያሳፍረኛል።

ከዚህ ጋር አንድ ወረቀት አለ። ያደረግሁትን በሙሉ ጽፌበታለሁ፤ ከሚልም ጅማ ድረስ ልኬለት ያየውን መስክሮ ፈርሞበታል። ቢሮው አልቀበልም ቢልም አንቺ ያዢው። ለኔ መልስ አትጻፊልኝ፣ ይቅርም አትበዪኝ፤ ይህን ልለምንሽ አፍ የለኝም። የሚሰጡሽን ሞተር ግን ተቀበዪ። ሠናይት፣ እጅሽ ምንም አላጠፋም።

ያጠፋው፣
ገሠሠ