የሰባተኛው አውታር ድምፅ

ካዛንቺስ፣ ግንቦት ፳፻፫ ዓ.ም.

ይድረስ እንደ እናት ሆነው ላሳደጉኝ ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰንብተዋል? የጉልበትዎ ሕመም ከጠበሉ በኋላ ሻል እንዳለው ሰምቼ አምላኬን አመስግኛለሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ እንዳይደፍርዎ ጋቢዎን አይለዩት። እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ በስልክ እንዳልነግርዎ ድምፄ ስለከዳኝ ብዕር አነሣሁ።

ነገሩ ስለ ልጄ ስለ አምኃ ነው። በሕይወት አለ፤ አይደንግጡ።

እንደሚያውቁት፣ ድጓ እንዲማርልኝ ስመኝ እርሱ ማሆጋኒ ከሚባል ከባድ ቀይ እንጨት የተሠራ፣ ሰባት አውታር ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ታቅፎ መስቀል ፍላወር በሚገኝ ሆቴል ይጫወታል። እንዲህ ያለውን የጭፈራ ቤት እግሬ እንደማይረግጠው ነግሬዋለሁ፤ ረግጦትም አያውቅም።

ከፋሲካ ወዲህ ጊታሩ ተበላሸብኝ ማለት አበዛ። ቀጭኑ ድምፅ ጠፍቷል፣ ወፍራሙ ሰባተኛ አውታርም ይድበሰበሳል አለ። ጥፋቱ የፒካፑ ነው ብሎም ቆረጠ፤ ፒካፕ የሚሉት ከአውታሮቹ ሥር ተቀምጦ ድምፃቸውን ወደ ማጉያው የሚያሻግረውን ማግኔት ነው። አዲስ ሊያስገባ አስቦ ያልጠበቅሁትን ጠየቀኝ፦ “አባባ፣ የእርስዎን ጆሮ የሚያህል የለም። መጥተው ይምረጡልኝ።”

አልደብቅዎትም፣ ኩራት ተሰማኝ። ልጄ በመጨረሻ የዜማን ትምህርት አከበረ ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ተከተልሁት።

ስታዲየም አጠገብ ሬዲዮና ማጉያ የሚጠግን ሊካሳ የሚባል ወዳጅ አለው። እንደ ገባሁ፣ “አባታችን፣ ጊታሩን ሊያጠምቁልን መጡ?” አለኝ። በዐይኔ ገሠጽሁት። “በቃ፣ ማለቴ፣ ይቀመጡ” ብሎ በርጩማ አቀረበልኝ።

ያልሰማሁትን አልፈርድምና አስቀድመው አሮጌውን እንዲያሰሙኝ አዘዝሁ። አምኃ ደረቱን ከእንጨቱ ጋር አጣብቆ መታው። እትዬ፣ አሮጌው ምንም አልሆነም። ቀጭኑም ወፍራሙም ጥርት ብሎ ወጣ። አምኃ ግን ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

“ሰሙት አይደል አባባ? ሞቷል እኮ።”

ሲመታ ዐይኑ ጣቶቹ ላይ አልነበረም፤ ፊቴ ላይ ነበር።

ከአዲሶቹ ሁለት ፒካፖች የመጀመሪያው ሲገባ ወፍራሙ አውታር አገሣ፤ ድምፆቹ ግን እርስ በርስ ተደበላለቁ። ሁለተኛው ሲገጠም ደግሞ ከኋላው ቆምሁ። ሕፃን ሳለ ውዳሴ ማርያም ሳስጠናው መንቃቱን ለማወቅ ከኋላው ሆኜ ዜማውን ሆን ብዬ አጣምም ነበር፤ ሳልጨርሰው ዞሮ “አባባ፣ ሳቱ” ይለኛል። አሁንም የሰኞውን ጀመርሁና አጣመምሁት። አልዞረም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ማንም ተማሪ በማያልፈው ስሕተት ደገምሁት። ብሎኑን ማጥበቁን ቀጠለ። ዞሮ ያየኝ ሊካሳ ነው፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ።

“የትኛው ይሻላል?” ሲለኝ “ሁለተኛው” አልሁት። ውሸት አልተናገርሁም፤ ከሁለቱ የጠራው እርሱ ነው። ስለ አሮጌው አልጠየቀኝም። እንዲህ እያልሁ ራሴን የማጽናና ሰው ሆንሁ።

ሊካሳ እስከ ታክሲው ሸኘኝ። እንዳይናገር አምኃ አስምሎት እንደ ነበር ነገረኝ። መድረክ ላይ ምቱን የሚያውቀው የከበሮ መቺውን ክንድ እያየ ነው አለ። ማጉያውንም ከቀን ወደ ቀን ከፍ ያደርገዋል፤ በዚሁ ከቀጠለ የቀረው ጆሮውም እንዳይሄድ እፈራለሁ አለኝ። ሐኪም ሲሉት ከሙዚቃ ባንዱ ያስወጡኛል ብሎ ይቆጣል።

እፈራለሁ፣ እትዬ። ዑራኤል ጋ መንገድ ሲሻገር፣ ከኋላው የሚመጣው መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ በዐይነ ኅሊናዬ ይታየኛል። ከቤት ሲወጣ ምክንያት ፈልጌ እከተለዋለሁ። ልነግረው አፌን ከፍቼ መለስሁት፤ እኔ ብናገር የዘፈንህ ቅጣት ነው ያልሁት ይመስለዋል፤ ስንት ዘመን ከእኔ የሰማው ይህንኑ ነውና። እርስዎ ግን እጁን ይዘው ሐኪም ቤት ና ቢሉት እምቢ አይልም።

ትናንት ጊታሩን እየወለወለ ቀና ብሎ አየኝ።

“ቅዳሜ ይምጡ፣ አባባ። ከፊት ይቁሙና ድምፁ ከጠራ ራስዎን ይነቅንቁልኝ።”

እሺ አልሁት። ከንፈሬን ሲያይ ቆይቶ ፈገግ አለ። ሰው ያየኝ እንደ ሆነ ይየኝ፤ እሄዳለሁ። አንገቴ እንዳይንቀጠቀጥ ብቻ ይጸልዩልኝ።

ይህን ደብዳቤ ለደብረ ብርሃኑ አውቶቡስ ሾፌር አደራ ሰጥቻለሁ፤ ቶሎ ይድረሱልን። ሲመጡም እንደ ልማድዎ ከበር ሆነው ስሙን አይጥሩት። ገብተው ከፊቱ ይቁሙ፤ ፊትዎን ካየ በኋላ ይሳሙት።

የቅዱስ ዑራኤል ጥበቃ ከደጅዎ አይራቅ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልን።

እጅ የሚነሣዎት
ታናሽ ወንድምዎ