«ባሕር ለማየት ብቻ ነው» ያልሽኝ ጉዞ

ውድ ልጄ ኑሀሚን፣

እናትነሽ ሰላምታውን አሳምራ ልትጽፈው ነበር፤ ተይው አልኳት። ደህና መሆንሽን ሰምቻለሁ፣ እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ጎረቤታችን አስተማሪዋ እናትነሽ ናት። ቃሌን እንዳታለሰልስብኝ የጻፈችውን እያስነበብኳት ነው። ስታነብልኝም ብታለሳልስ በምን አውቃለሁ? ጠንከር ያለ ቃል ካገኘሽ የእኔ ነው፤ ለስለስ ያለው የእሷ ነው።

ያልደወልኩልሽ ስልክ ስለምትዘጊብኝ ነው።

ያን ቀን ደውለሽ «አባዬ፣ የዓመት ፈቃዴን ሞላሁ፤ ከጥምቀት በኋላ ከጓደኛዬ ከነኢማ ጋር ጅቡቲ ልንሄድ ነው፣ ባሕር ለማየት ብቻ ነው» ስትዪኝ ዝም ያልኩት መስመር ተቋርጦ አልነበረም። «ብቻ» ያልሽውን እያኘክሁት ነበር። ሰው «ብቻ» ካለ ከኋላው ያስቀመጠው ነገር አለ።

ምኞትሽን አላውቅም አልልም። ልጅ ሆነሽ እኔ ከጭነት መኪናዬ ስወርድ የሰው ልጅ ብስኩት ይጠይቃል፤ አንቺ «ባሕሩ ዛሬ ምን ይመስል ነበር?» ትዪኝ ነበር። እኔ ምን አውቄ! እኔ የማውቀው ወደቡን ነው፤ ሰልፉን፣ ሙቀቱን፣ ተራ ጥበቃውን። ባሕሩ ከዕቃው ክምር ወዲያ ነበር። እንድትተይኝ ብዬ «ሰማያዊ ነው» እልሽ ነበር። ሰመራ ሥራ ከያዝሽ ወዲህም ሌላው በየበዓሉ ፈቃድ ሲወስድ አንቺ ለዚህ ጉዞ ስታጠራቅሚ እንደኖርሽ ሰምቻለሁ። ይሁን። ግን በእኔ ዘመን ወደ ድንበሩ፣ ወደ ገላፊ የሚወርድ ሰው ወይ ጭኗል ወይ ሊጭን ነው። ባዶ እጁን የሚወርድ ወይ ያበደ ነው፣ ወይ የማይመለስ።

ይህን ከመሬት ተነስቼ አይደለም የምለው። ከዲቾቶ ወዲያ በጠራራ ፀሐይ ጀሪካን አንጠልጥለው በእግራቸው የሚሄዱ ስንት ወጣቶች አይቻለሁ። መኪና አቁሜ ውሃ እየሰጠሁ «ወዴት ነው?» ስል አንዱም ልሰደድ ነው ብሎኝ አያውቅም። ዘመድ ልጠይቅ ነው ይላል፤ ደርሼ ልመጣ ነው ይላል። የቻላቸው ልጅ ራጉኤልስ? «ሠርግ አለብኝ» ብሎ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነው የወጣው። ቻላቸው እስከ ዛሬ የማንም ስልክ ሲጮህ ከባለስልኩ ቀድሞ ይነሳል። እኔ ቻላቸውን መሆን አልፈልግም።

ስለዚህ ጠየቅኩሽ። የት ታድራላችሁ? «የነኢማ አጎት ቤት» አልሽ። አጎቷ ምን ይሠራል? «ጀልባ አለው» አልሽ። በዚያ አገር ጀልባ ያለው አጎት ለእኔ አጎት አይደለም። ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ ስልሽ ደግሞ የዋና ልብስ ገዛሁ ብለሽ ሳቅሽ። አዋሽ ወንዝ አጠገብ አድገሽ፣ አዞ ፈርተሽ እግርሽን ነክረሽ የማታውቂ ልጅ፣ ዋናው ከየት መጣ? ይህን ስልሽ «አባዬ፣ አንተ የማትጠረጥረው ነገር የለም» ብለሽ ዘጋሽው። ልክ ነሽ፣ የለም።

ከዚያ ድሮ ረዳቴ የነበረው ጁነዲን፣ ዛሬ እሱም ሹፌር ሆኖ፣ ከሎጊያ ሲመለስ እዚህ ለምሳ ቆመ። «ጋሼ ቢሰጥ፣ ኑሀሚን ቤት ለቀቀች እንዴ? ቬንትሌተሯን ባጃጅ ላይ ሲጭኑት አየሁ» አለኝ። ምሳው አፌ ላይ ቀረ። የሰመራ ሰው ወርቁን ይሸጥ ይሆናል፤ ቬንትሌተሩን አይሸጥም። ለጥቂት ቀን የሚሄድ ሰው ከቤቱ ቬንትሌተር አያወጣም።

እኔም የማውቀውን መንገድ ያዝኩ። ከባድ መኪና የሚቆምበት ሄጄ ወደ ታች ለሚወርደው ሹፌር ሁሉ «ልጄን ደላላ ይዟታል፤ ካያችኋት ገላፊን አታሻግሯት» አልኩ። ለአፋር ወዳጆቼም በዳጉ፣ በአፍ ለአፍ ወሬያቸው፣ አስያዝኩት። ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ወረደ።

እናትነሽ እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። ጻፊ አልኳት።

ሎጊያ ምግብ ቤት ያላትን ሐጂራን ታውቂያታለሽ፤ ስንት ዘመን ፍየሏን የበላሁባት። ሰው ልካ አስጠራችኝ፤ ከጉልበቴ ጋር እየተጣላሁ ወረድኩ። ደጇ ላይ አስቀምጣኝ፣ ሳታበላ ሳታጠጣ ዳጉ ጀመረች። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ እንዴት ወሬ እንደሚለዋወጥ እዚሁ ነው ያደግሽውና ታውቂያለሽ። ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ከማን እንደሰማ ለይቶ ሰማሁ ይላል። የጨመረበትን ሰው ሁለተኛ የሚሰማው የለም።

ወሬዬ በሦስት አፍ እንደደረሳት ነገረችኝ። አንዱ ደላላ ይዟታል ብሏል፤ አንዱ ተሸጠች ብሏል፤ ሌላው ደግሞ ጀልባ ላይ አውጥቶሻል። «ልጅህ ትናንት ከነኢማ ጋር እዚህ ምሳ በላች። እኔ ያየሁት ይኼን ነው» አለች። «አንተ ደላላውን አየኸው?»

«አላየሁም።»

«ድምፁን ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«ቬንትሌተሩ ሲሸጥ ማን አየ?»

«ጁነዲን ሲጫን አይቷል።»

«ሲሸጥ ነው የጠየቅኩህ።»

«ሲሸጥ ያየ የለም።»

«ወላሂ ቢሰጥ፣ የጨመርከው አንተ ነህ። ከእንግዲህ ያንተን ዳጉ ማን ይሰማል?»

እሷ ለማንም አንቱ አትልም፤ ያ አይደለም የከነከነኝ። ልጄ፣ እኔ አላነብም፣ አልጽፍም። ያለኝ ቃሌ ነው። በዚህ መንገድ «ቢሰጥ ጎርፍ አለ ብሏል» ከተባለ ሹፌር ሁሉ ሞተር አጥፍቶ ያድር ነበር። ያን ስም ነው ፊቴ ላይ አንስታ የጣለችው።

ቀጥላም የባሰውን ነገረችኝ። ከሰመራ ወዲያ መንገድሽ ላይ ሰርዶ ያሉ ሽማግሌዎች አንቺን ለማስቆም ተነጋግረዋል። ክፋት የላቸውም፤ ልጄን ያተረፉልኝ መስሏቸው ነው። ያንን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽ፣ ከመኪና አውርደው ወደ ኋላ ሊመልሱሽ ነው። እደውልላቸዋለሁ አልኩ። ሳቀችብኝ። «መንገድ ላይ የጣልከውን ራስህ ሄደህ አንሳ» አለች፤ «ፊትህን እያዩ ይስሙህ።»

ሎጊያ ድረስ መጥተህ ሰመራ ለምን አልደረስክም ትዪኝ ይሆናል። ያን ቀን በነበረኝ ፊት እንድታዪኝ አልፈለግሁም።

እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። በምትሄጂበት ጠዋት ሐጂራ ደጅ ታገኚኛለሽ። አብሬያችሁ እሳፈራለሁ። ሰርዶ እወርዳለሁ፣ ዲቾቶም እወርዳለሁ። «ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ አወራሁ፤ ልጄን አሳልፏት» እላለሁ። አንቺና ነኢማ ከመኪናው እንዳትወርዱ። ይህን ስናገር ልጄ ቆማ እንድትሰማኝ አልፈልግም።

አመነኝ ብለሽ ግን እንዳትደሰቺ። ቬንትሌተሩ የት እንደገባ እስካሁን አላወቅሁም። ያን ባለጀልባ አጎትም አላየሁትም። ሐጂራ ያላየሁትን እንዳላወራ ከለከለችኝ እንጂ እንዳልጠረጥር አልከለከለችኝም።

ገላፊ ላይ አንቺ ትሻገሪያለሽ፤ እኔ እቀራለሁ። ወደ አዋሽ ግን አልመለስም። እዚያ የጭነት ወረቀት የሚያስጨርሰው ወዳጄ ወልደ ኢየሱስ አልጋ ይሰጠኛል። ሙቀቱ ሙቀት ነው፤ አልፌበታለሁ። ፈቃድሽ እስኪያልቅ ከጅቡቲ የሚገባውን መኪና ሁሉ እያየሁ እቀመጣለሁ። ባሕርሽን ጠግበሽ እዪው፤ ልጄ ተጣደፈች እንዳይባል። ብቻ ደውለሽ «ደህና ነኝ» እንዳትዪኝ፤ እሱ የሰማሁት ይሆናል። በእግርሽ ተሻግረሽ መጥተሽ ፊቴ ቁሚ።

ያኔ «የቢሰጥ ልጅ ባሕር አይታ ተመለሰች» ብዬ በዚያ መንገድ ላይ አወራለሁ። ማን ነገረህ ሲሉኝም፣ አየሁ እላለሁ።

አባትሽ ቢሰጥ
አዋሽ ሰባት

በፊርማ ፈንታ አውራ ጣቴን አትሜበታለሁ። ደብዳቤውን ጁነዲን ያደርስልሻል፤ ተከፍቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።