ለትንሹ ወይራ የሚበቃ ሸክላ

ለውዷ እናቴ፣

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ የበሩን ደረጃ ስትወርጂ አሁንም ቋ ቋ ይላል? ዓይንሽስ? ጠብታውን ጠዋትና ማታ ትጨምሪያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠሽ «አለልኝ» ማለት ብቻ ነው? ሳሉ ተወሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ሙሉ ነው፤ የሚያመኝ ናፍቆትሽ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ሐኪም አያውቀውም። ይህን የምታነብልሽ ታናሽ እህቴም ደህና ናት? አንቺ አንባቢ፣ አደራሽን፣ ረዘመብኝ ብለሽ መስመር እንዳትዘዪ። ስትዘዪ እማዬ ታውቅብሻለች።

እማዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ድምፄን ያጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም፣ አኩርፌ ነው። ያን ዕለት በስልክ «ከቤቴ አልወጣም» ስትዪኝ ደሜ ፈላ። ወንድሜ አናጺው ከሱቁ በላይ አራት ክፍል ሠርቶ፣ ውሃው ቤት ውስጥ ገብቶ፣ እኔ መጋረጃውን ሳይቀር ከዚህ መርጬ ልኬ፣ አንቺ እነዚያ ሁለት ክፍሎች ላይ ሙጭጭ አልሽ። «ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ታንኳኳልኛለች፣ እኔም መልሼ አንኳኳላታለሁ፤ ነጋልን እንባባላለን። እዚያ ማን ያንኳኳልኛል?» አልሽኝ። እኔስ ምን ብዬ መለስኩልሽ? «ግድግዳው የወደቀብሽ ቀን ሰው ሁሉ ያንኳኳልሻል» አልኩሽ። ከዚያ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ጠረቀምኩት። ይቅር በዪኝ እማዬ። ይቅርታዬ ደግሞ ባዶውን አይደለም፤ በእነዚህ ሁለት ወራት ምን እንዳጠፋሁና ምን እንደተማርኩ ልንገርሽ። ያስተማረኝ ዛፍ ነው። አትሳቂ።

እዚህ ተቀጥሬ የምንከባከባቸው ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ እንደነበሩ ነግሬሻለሁ። ሱቃቸው ከተዘጋ ቆይቷል፣ ጓደኞቻቸውም አንድ በአንድ አልቀዋል። ከሱቁ ዘመን የቀራቸው አንድ ወይራ ነው። ወይራ ስልሽ ትልቁን እንዳታስቢ፤ ይኸኛው ቁመቱ ከክንዴ አይበልጥም፣ ዕድሜው ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ቦንሳይ ይሉታል። ዛፉን ከችግኝነቱ ጀምሮ ሥሩንም ቅርንጫፉንም በልክ እየከረከሙ በዝርግ ሸክላ ውስጥ ማኖር ነው። ግንዱ ጎብጧል፣ ቅርፊቱ ተሰነጣጥቋል፣ ቆሜ ሳየው ዕድሜ የጠገበ ሙሉ ዛፍ ነው፤ ጥላው ግን ድመት አያስተኛም። መጀመሪያ ያየሁት ቀን «ይህ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ብዬ በሆዴ ፈርጄባቸው ነበር።

ሽማግሌው ወድቀው ዳሌያቸውን ተጎዱና ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ሲሄዱ አደራ ያሉኝ አንድ ነገር ነው፤ ወይራውን አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ውሃ አጠጪው፣ ሌላ ምንም አታድርጊው አሉኝ። አዛዧ ብለሽ ስም ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ፤ ምንም አለማድረግ እኔ የት አውቅበታለሁ? ካንቺ ጋር በተጣላን ማግስት አቧራ ስጠርግ ሸክላውን ብድግ ባደርገው፣ ሥሩ ከታች ባለው ቀዳዳ አፈትልኮ ወጥቷል። አንጀቴን በላው። ምስኪን፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እግርህን አጥፈህ ተቀምጠህ! አልኩት። እውነቱን ልንገርሽ አይደል፣ አንቺን ከጠባቡ ቤት ማውጣት አቅቶኝ ነበርና እሱን ማን ይከለክለኛል ብዬ ተነሳሁ።

ገበያ ወጥቼ ሰማያዊ፣ ፊት የሚያሳይ፣ እንደ ባልዲ የጠለቀ ሸክላ ገዛሁ። ጥቁር ለም አፈር በከረጢት ተሸከምኩ። ዛፉ ከአሮጌው ሸክላ አልወጣ ቢለኝ በማንኪያ ፈለቀቅሁት፣ ሸክላው ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ግድም አልሰጠኝ። አዲሱ ውስጥ መሃል ላይ ሳቆመው የአባቱን ካፖርት የለበሰ ልጅ መሰለ። «ያድግበታል» አልኩ። ይህን ቃል ከማን እንደወረስኩት ታውቂያለሽ፤ አራተኛ ክፍል ስገባ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ገዝተሽልኝ፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ወትፈሽ «ታድግበታለች» ያልሽው ለባለ ሱቁ ነው። እግሬ እስኪያድግ ጫማው አለቀ፣ እኔም ዓመቱን ሙሉ እየተደናቀፍኩ ጉልበቴ ቁስል እንደሆነ ከረመ።

አጠጣሁት እማዬ። በየቀኑ ነው ያጠጣሁት። በአሥረኛው ቀን ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ጠምቶት ነው ብዬ ጨመርኩለት። መርገፍ ጀመረ፣ ጨመርኩለት። ኋላ አፈሩ መጥፎ ሽታ አመጣ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ትዪ የለ? እኔም ለቀለቅሁት።

ሽማግሌው በምርኩዝ እየተደገፉ የተመለሱ ቀን፣ ወንበር ላይ እንኳን አረፍ ሳይሉ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሰማያዊውን ሸክላ አዩ። ከወለሉ ላይ አንድ ቅጠል አንሺልኝ አሉኝና አገላብጠው አዩት። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተው አሸተቱ። አሁን ይጮኹብኛል፣ አሁን ውጪልኝ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ድምፃቸውን እንኳን ከፍ ሳያደርጉ «ማነው ያዘነለት?» አሉኝ። እማዬ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዕንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «እኔ ነኝ አባባ፣ የጠበበው መስሎኝ ነው» አልኳቸው። ጠብቦት አልነበረም፣ ልኩ ነበር አሉኝ። ሥር በማይደርስበት አፈር ውስጥ ውሃ ይተኛል፣ የተኛ ውሃ ደግሞ ሥር ያበሰብሳል፤ ዛፍ የሚፈልገው የሚጠጣውን ያህል አፈር ነው ብለው አስረዱኝ።

የዚያኑ ቀን ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግተን አወጣነው። በሰዓት መጠገኛ ወረንጧቸው ሥሩን እንደ ፀጉር እያበጠሩ፣ የጠቆረውንና የላመውን በትንሽ መቀስ እየቆረጡ ጣሉት። የተረፈው ከግማሽ ያንሳል። እኔ መብራት ያዝኩላቸው። የተረፈውን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በማግስቱ ሸክላ ፍለጋ ሄድን።

ሸክላ ሠሪዋ ሳቂታ ሴት ናት። ለሽማግሌው በርጩማ ሰጠቻቸው፣ እኔ ከመደርደሪያው እያነሳሁ አቀርብላቸዋለሁ። መጀመሪያ ወፍ የተሳለበት ነጭ አመጣሁ፤ ይህ ራሱን እንጂ ዛፉን አያሳይም አሉ። ጠለቅ ያለ አመጣሁ፤ ባልዲ ይበቃናል አሉ። ያማረ ሞላላ አመጣሁ፤ ገልብጠው ቢያዩት ቀዳዳ የለውም፣ ይህ ሾርባ ይቅረብበት ብለው መለሱልኝ። ስምንተኛው ላይ ሸክላ ሠሪዋ «አባቴ፣ ለልጅዎም ባል ሲመርጡ እንዲህ ነበሩ?» ብትላቸው፣ ያኔ ቸኩዬ ነበር ብለው አሳቁን። በመጨረሻ ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አቧራ የለበሰ ቡናማ ዝርግ አገኘሁ። ቅባት የለው፣ ሥዕል የለው፣ አራት አጭር እግር አለው፣ ከሥሩ ሁለት ቀዳዳ። ከቤት በክር ለክተነው የመጣነውን ቁመት አወጣን። የሸክላው ርዝመት ከዛፉ ቁመት ከሦስት እጅ ሁለቱን ያህል፣ ጥልቀቱ የግንዱን ውፍረት ያህል መሆን አለበት ይላሉ። ሁሉም ልክ መጣ፤ ከተሰበረው አሮጌ ሸክላ ግን በአንድ ጣት ይሰፋል። እኔ አንዴ ተቃጥያለሁና ይቅርብን፣ ጠበብ ያለ እንፈልግ ብዬ መለስኩት። ሽማግሌው ሳቁብኝ። አሁን ደግሞ ፈራሽ አሉኝ። አዲስ ሥር የሚያወጣበት ይፈልጋል፣ አንድ ጣት ይጨመርለት፤ አንድ ጣት ብቻ።

ጠጠር የበዛበት አፈር አድርገን፣ ዛፉን ትንሽ ወደ ጎን አቁመን፣ እንዳይወዛወዝ በቀዳዳዎቹ በገባ ቀጭን ሽቦ አሰርነው። ከዚያ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጠው ያን የፈረደበት ትእዛዝ ደገሙልኝ፤ ምንም አታድርጊ። እጅሽ ካላረፈልሽ የሽርጥሽ ኪስ ውስጥ ክተቺው አሉኝ። ይኸው አምስት ሳምንት እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜ አያለሁ። ከተወለድኩ እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

እጅ ሲያርፍ ሐሳብ ይሠራል እማዬ። ሽማግሌው ሰፊው የሆስፒታል ኮሪደር ላይ አንድ እርምጃ ለመራመድ ይፈሩ እንደነበር ነርሷ ነግራኛለች። እዚህ ቤት ግን እጃቸው ሳያዩ የመደርደሪያውን ጠርዝ ያገኛል፣ ከዚያ የወንበሩን ጀርባ፣ ከዚያ የበሩን እጀታ። ይህን ሳይ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ከአልጋሽ እስከ በሩ ሰባት እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ውሃው አራት፤ ዓይንሽ ከደከመ ወዲህ እየቆጠርሽ እንደምትሄጂ እያወቅሁ ነው ስጮኽብሽ የነበረው። የዚያን የአራት ክፍል እርምጃ ማን ይቆጥርልሻል? ልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽስ ወንድሜ ሱቅ ድረስ መጥታ ልታንኳኳ ነው? አዝኜልሽ ነበር፤ ከልቤ። እኔ አንቺን ባልዲ ውስጥ ልተክልሽ ነበር።

ስለዚህ ለወንድሜ ጽፌለታለሁ። አራቱን ክፍል እሱና ልጆቹ ይኑሩበት፣ መጋረጃዬንም ይስቀሉት። አንቺን ማንም ከቤትሽ አያነሳሽም። አልጋሽ ካለበት ንቅንቅ አይልም፣ ግድግዳውም አይነካም። ግን እማዬ፣ አንድ ጣት ፍቀጂልኝ። የሚያፈሰው ጣሪያ ይሁን፣ ደረጃው ጋ የሚደገፉበት እንጨት ይሁን፣ ውሃው እስከ ደጅሽ ይምጣ፣ እኔ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሦስቱንም አዝዤ ጨርሼ ነበር፤ ዛሬ አላዝም። አንቺ ምረጪ፣ ወንድሜ ይሠራል። ምንም አልፈልግም ካልሽም እጄን ኪሴ እከታለሁ፤ ተምሬያለሁ።

ወይራው እንዴት ሆነ ትዪኝ ይሆናል። ትናንት ጠዋት ከታችኛው ቅርንጫፍ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ነገር አየሁና ጮኼ ጠራኋቸው። የሰዓት መጠገኛ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ገጥመው ረጅም ጊዜ አዩት። ይተርፋል አላሉኝም። ልኩ ላይ ተቀምጧል፣ የቀረው የራሱ ነው አሉኝ። ሰማያዊው ባልዲ በሩ ጋ የጃንጥላ ማስቀመጫ ሆኗል፤ እሱም ልኩን አገኘ።

ለወንድሜ ለአናጺው ጉልበቱን ያበርታለት፤ ልፋትህን አልናቅሁም በዪልኝ። ሚስቱንና ልጆቹን ሁሉ እያንዳንዳቸውን በየጉንጫቸው ሳሚልኝ፤ ለትንሿ ጫማ ከተገዛላት በእግሯ ልክ ይሁን። ለአንቺ ለአንባቢዋ እህቴ፣ ሳትዘዪ እዚህ ከደረስሽ ምርቃቴ ይድረስሽ። ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤትሽ ደግሞ ሰላምታዬን በአፍ እንዳትነግሪያት። ነገ ጠዋት ግድግዳውን ስታንኳኳ፣ የራስሽን ከመለስሽላት በኋላ አንዴ ጨምረሽ አንኳኪላት። የማን ነው ካለችሽ፣ የልጄ ነው በያት።

አዛዧ ልጅሽ

ከወይራው መስኮት አጠገብ፣ መጋቢት 19 ቀን