እዚያ ማን አላችሁ?

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 6፣ ማታ

ባክፓኬ፣ የጀርባ ሻንጣዬ፣ ሰባት ኪሎ ከስምንት መቶ። አሁንም ከበደ። አንዱን ሱሪ አወጣሁ። ሻምፖውን ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። አሁንም ሰባት ከምናምን። ያ አላህ! አውሮፕላን ውስጥ ይዞ መግባት የሚቻለው ሰባት ብቻ ነው። ከሱ በላይ ደግሞ አልፈልግም። ጀርባዬ ላይ አዝዬ የማልዞረውን ዕቃ አልወስድም ብያለሁ።

ጀማል (ከዛሬ ጀምሮ ጀ. ነው የምለው፣ እጄ ደክሟል) ለሥራ ጫማውን እያሰረ ያየኛል። ይስቃል። ፎጣውንም ተይው አለኝ። ታዲያ በምን ልደርቅ? አብሽሪ፣ አታስቢ አለ፣ ሳመኝ፣ ወጣ። ባሌ ሌሊት መጋዘን፣ እኔ ቀን ፋርማሲ። አምስት ዓመት በትዳር፣ የምንገናኘው በር ላይ።

ስማኝ አንተ ደብተር፣ እንደ ሕፃን የምቁነጠነጠው በምክንያት ነው። አምና ቫኬሽናችንን ደሴ፣ እናቱ ቤት ጨረስነው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓዳ፣ እሱ ከወንዶቹ ጋር ሳሎን። ካቻምናም እንዲሁ። ዘንድሮ ፌብሩዋሪ 2 እንበራለን። ሦስት ሳምንት፣ ረመዳን ሳይገባ እንመለሳለን። ባንኮክ፣ ቺያንግ ማይ፣ ሃኖይ፣ ሆይ አን። ዘመድ የለ፣ ሺፍት የለ፣ እኔና እሱ ብቻ። ባሌን ልወቀው እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 11

ልምምድ ወጣን። ሻንጣችንን ሞልተን፣ አዝለን፣ ከሰፈራችን ከኢስት ዮርክ እስከ ዳንፎርዝ መንገድ በእግር። ሐሳቡ የኔ ነው፣ መርገሙም ለኔ ይሁን። በረዶው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ግን ደስ አለኝ! ጀ. ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ሻንጣው እንደ ኤሊ ገለበጠው፣ እየሳቅሁ አነሳሁት። እንዲህ ከሳቅን ስንት ጊዜያችን?

ከዚያ ጋሽ ሰይድ። የጀ. ቤተሰብ የደሴ ጎረቤት ነበሩ፣ አሁን ዳንፎርዝ ላይ ጤፍና በርበሬ ይሸጣሉ። ደጃቸውን በረዶ ሲጠርጉ አዩን። አካፋውን ጣሉት። ምነው ልጆቼ፣ ከቤት አስወጧችሁ? እኔ በሳቅ ሞትኩ። ጀ. አፈረ። የለም ጋሼ፣ ባንኮክ ልንሄድ ልምምድ ላይ ነን አለ። እዚያ ማን አላችሁ? ማንም። ታዲያ ምን ልትሠሩ? ልናይ። ጋሽ ሰይድ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ልጅ ሳታዝይ ሻንጣ አዘልሽ አሉኝ። የሻንጣዬን ማሰሪያ አጠበቅሁ።

እሱስ ባልከፋ። ጀ. ኀፍረቱን ሊሸፍን ብሎ አፉ አመለጠው። በአዲስ አበባ በኩል ነው የምናልፈው አለ። አለቀ! አልሐምዱሊላህ፣ እናትህን ልታይ ነው በለኛ፣ ምን ባንኮክ ባንኮክ ትለኛለህ አሉት። ትራንዚቱ እኮ ስድስት ሰዓት ነው፣ ከኤርፖርት አንወጣም። ጀ. ምን አለ? እሺ አለ። ለምኑ እሺ እንዳለ እሱም አያውቅ። እሺ ይበልጣል ከሺ ብሎ ያሳደገውን ሰው ባገኘው!

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 13፣ ባቡር ውስጥ

እማማ ዘይነብ፣ የጀ. እናት፣ ትላንት ኮል አድርገዋል። እኔ ሥራ ነበርኩ፣ ያነጋገራቸው እሱ ነው። ጋሽ ሰይድ ወሬዋን አላሳደሯትም። ጀ. እንደሚለው እማማ ከሁለት እህቶቻቸው ጋር አዲስ አበባ ድረስ ይመጣሉ። በግ ሁሉ ተገዝቷል። የምናልፈው ለስድስት ሰዓት ብቻ ነው አላልካቸውም ወይ? ነገ እነግራታለሁ፣ አብሽሪ።

አብሽሪ! ድሮ ይህን ቃል ሲለኝ ሆዴ ይረጋ ነበር። አሁን ጥርሴን ያፋጨኛል።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 17፣ ምሳ ሰዓት

ነገ ነገ ሲል ዓርብ ሆነ። መድኃኒት እያሸግሁ ጀ. የላከውን ቴክስት አየሁ። ሆይ አንን ብንተወውስ፣ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ብናድር፣ እማ ደስ ይላታል። እሺ ብዬ መለስኩ። እኔም! ይሉኝታ እንደ ጉንፋን ነው መሰለኝ፣ ይጋባል።

ማታ፦ አልበቃም። ሦስት ቀን ለለቅሶ ነው እንጂ ለደስታ ምን ያደርጋል፣ እማ ቅር ብሏታል አለኝ በር ላይ። ምሳ ዕቃውን አቀበልኩት።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 22

ደህና ሁኚ ሃኖይ። አዲስ አበባ አንድ ሳምንት ሆነ። ቲኬቱ ተቀየረ፣ ጀ. ራሱ ቀየረው።

ዛሬ ደግሞ ጋሽ ሰይድ ከነካርቶናቸው ከች! ለእህታቸው የስኳር መለኪያ። ይሁን፣ የበሽተኛ ነገር ነው፣ ዓይኔን ሸጬም ቢሆን አደርሳለሁ። ከመለኪያው ሥር ጫማ። ከጫማው ሥር ካፖርት። ከካፖርቱ ሥር፣ ወላሂ አልዋሽህም ደብተር፣ ጁስ መፍጫ! ጀ. ባክፓክ ብቻ ነው የያዝነው ከማለት ይልቅ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ። አደራ አሉና ግንባሩን ሳሙት። አደራ ከተባለ በኋላ መመለስ ነውር ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ስለማውቅ ነው የሚያቃጥለኝ።

ትልቁ ሻንጣ ከአልጋ ሥር ወጣ። ያ ጎማ ያለው፣ አምና ደሴ የሄደው። የኔ ባክፓክ አጠገቡ ቆማ ታሳዝናለች። ወደ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ። ለጁስ መፍጫ ይለቀሳል? ይለቀሳል።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 26

ተጣላን። ከሥር ያለው ጎረቤት ጣራውን በመጥረጊያ እንጨት እስኪደበድብ ድረስ።

ጀ. እንዲህ አለ፦ ባንኮክን ጭራሽ ለሌላ ጊዜ ብናደርገውስ? ሦስቱንም ሳምንት እማ ጋ። እሷ አርጅታለች፣ ባንኮክ የትም አትሄድም። እኔስ የትም የማልሄድ ይመስልሃል? አልኩት። የሻንጣውን ዚፕ መክፈትና መዝጋት ጀመረ። እንዲህ ሲያደርግ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል። ግድግዳ እኮ ይሻላል፣ ግድግዳ ቢያንስ እሺ አይልህም።

ሥራ ሄደ። ብቻዬን ቀረሁ፣ ከዚያ ጸጸቱ መጣ። እውነቱን ነው፣ እናት አንድ ናት። ልጇን ከለከልኳት ማለት ነው? ክፉ ምራት ሆንኩ? የፈለግሁት እኮ ሁለት ሳምንት ነው። ከባሌ ጋር መንገድ ዳር ሩዝ መብላት፣ መንገድ መጥፋት፣ ሲደክመን አንድ ክፍል መግባት። ይሄ ኀጢአት ነው?

ሰኞ ጠዋት፦ ምሳዬን ቋጥሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልኛል። እንቁላሉን እንደምወደው ሠርቶታል። አልጋ ላይ ተዘርሯል። ሳልቀሰቅሰው ወጣሁ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ላይ እንዴት ይጮኻል? እንዴትስ አይጮኽም?

ኀሙስ፣ ጃንዋሪ 30፣ ፋርማሲው ጓሮ

ደብተሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። በደንብ ካልተነበበ ይቅርታ።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ለእማማ ዘይነብ ደወልኩ። ራሴ። እግራቸው ላይ ወድቄ በስልክ ልለምናቸው፣ አንድ ሳምንት ይብቃዎት ልላቸው። በምን እንደምጀምር ሌሊቱን አጥንቻለሁ። ሰላምታው ብቻ ግማሽ መንገድ ፈጀ፣ ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ በብርድ እየተንዘፈዘፍኩ። ከዚያ ይቅርታ እማማ፣ ለበጉም ለመንገዱም ወጪ አበዛንብዎ አልኩ።

የምን በግ? አሉ።

ደግሞም ሳቁ። ጋሽ ሰይድ ለቀልድ ልጆችሽ ሻንጣ አዝለው ጎዳና ወጥተዋል ብለዋቸው፣ ደንግጠው ነው ያኔ የደወሉት። ቤት እንዳላጣን ጀ. ሲነግራቸው አልሐምዱሊላህ ብለው ተኙ። አዲስ አበባ ድረስ የሚሄዱበት ጉልበት የላቸውም፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሂዱ፣ አገር እዩ፣ አምና አይቻችሁ ጠግቤ የለ ወይ ብለውት ነበር። ኋላ ነው እሱ እየደወለ ደሴ ሦስት ቀን፣ አንድ ሳምንት እንመጣለን እያለ የጨመረው። ሀያትዬ፣ ዓይንዬ፣ ምነው ድምፅሽ? አሉኝ። ብርዱ ነው እማማ አልኩ።

የሚመጡ እህቶች የሉም። ቅር ማለት የለም። ለለቅሶ ነው ያለውን ራሱ ነው የፈጠረው። እናቱን ከፊት አቁሞ፣ ከኋላዋ ሆኖ እያንዳንዷን ከተማ ጣለብኝ። እኔ ደግሞ እኚህን የዋህ ሴትዮ በሆዴ ስረግማቸው ሰነበትኩ!

ለምን? ባንኮክ ምን አደረገችው? እኔስ?

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 1፣ ከሰዓት

ነገ ነው በረራው።

ኀሙስ ማታ በር ላይ ያዝኩት። ሥራ አትሄድም አልኩት፣ ሄደ። ትላንት ግን ዕረፍቱ ነበር፣ ማምለጫ አልነበረውም። የምን በግ ብለውኛል አልኩት፣ ሌላ አልጨመርኩም። ይክዳል ብዬ ነበር። አልካደም። ትልቁ ሻንጣ ላይ ተቀመጠ፣ ከነጃኬቱ። አብሽሪ አላለኝም።

የተናገረውን እንዳለ ልጻፈው፣ እንዳይጠፋብኝ። «ሀያት፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ሁለታችን ብቻ፣ ምን እናወራለን? እዚህ ሥራ አለ፣ ድካም አለ፣ እሱን ታመካኛለሽ። እዚያ ግን እንዲሁ ብታይኝና ብሰለችሽስ?»

ተናድጃለሁ፣ አሁንም ተናድጃለሁ! በእናት የሚዋሽ ሰው! ግን ያን የጠየቀውን እኔም እፈራዋለሁ፣ ደብተር። ላንተ ባልዋሽ። ዳንፎርዝ በእግር የሄድን ዕለት እንኳ ሁለተኛው ሰፈር ላይ የምለው አልቆብኝ ነበር። እሱ ሲወድቅ ነው የዳንነው። ይህን አልነገርኩትም። ተነሥቼ ተኛሁ፣ እሱም ሶፋው ላይ አደረ።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስንተላለፍ ዋልን። አሁን ጀ. ዳቦ ሊገዛ ወጥቷል። እኔ ደግሞ ወስኛለሁ፣ ልጻፈው።

እማማ አዲስ አበባ መምጣት ስለማይችሉ ወደ ደሴ አብሬው እሄዳለሁ። እማማን ሳምንቱን ሙሉ አያቸዋለሁ፣ በሆዴ ለረገምኳቸውም በሆዴ ይቅርታ እላለሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ ባንኮክ የሚሄደው አውሮፕላን ላይ አለሁ። የሱን ወንበር ካንስል አላደርግም፣ ና ብዬም አልለምነውም። ከመጣ የምናወራው ቢጠፋን ዝም እንበል፣ ሩዙን በዝምታ እንብላ፣ ዝም ብሎ ሲያየኝ ምን እንደሚመስል ልየው። ካልመጣም መልሱን አገኘሁ ማለት ነው፣ ስመለስ ወዴት እንደምመለስ ያኔ አስባለሁ። ብቻዬን እፈራለሁ። በጣም እፈራለሁ። ቢሆንም እሄዳለሁ።

ቁልፉ ዞረ። ገባ። በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ነው። ዛሬውኑ ልንገረው፣ አለበለዚያ እኔም ነገ ማለት እጀምራለሁ። ና ቁጭ በል እለዋለሁ። ከዚያ መጀመሪያ የምለው፦ የፈራኸውን እኔም እፈራዋለሁ።